ሚራማሬ ቤተ መንግሥትን ልትጎበኙ ከተነሳችሁ

በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ ከትሪየስቴ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ወደ ባሕር በገባ ዐለት ላይ የቆመ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ። ሚራማሬ ይባላል። ከጀርመንም ከስዊዘርላንድም ከአገር ቤትም የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ይዤ ስመላለስ ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መሆኑን ነው። እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከቱት ክፍሎች ጋ ሲደርስ እግሩ ዝሏል፣ ልጆቹ መነጫነጭ ጀምረዋል፣ የስልኩም ባትሪ አልቋል። ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይወጣል። በወረራው ዘመን የኢጣሊያ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የተቀመጠው የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ፣ አባቶቻችን «ዱካ ዳኦስታ» የሚሉት፣ ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት ሲኖር የነበረው እዚሁ ቤት ውስጥ እንደሆነ ብዙዎቹ የሚሰሙት ከወጡ በኋላ ነው። ይህን የጻፍኩት እናንተ ያ እንዳይደርስባችሁ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ትኬት ሲቆረጥ ነው። ሰዓት ተቆርጦለት የሚገዛ ትኬት ከያዛችሁ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለእናንተ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ከአገር ቤት ለመጡት እናታችሁ ግን «በ3 ሰዓት እንገባለን» ብላችሁ ከነገራችኋቸው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ጠዋት በር ላይ ይጠብቋችኋል፤ ትኬቱ ላይ ያለው ደግሞ 15:00 ነው፣ በእኛ 9 ሰዓት ማለት ነው። ተለያይታችሁ በተለያየ ባቡር የምትመጡ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ በስልክ ላኩላቸው።

ሚራማሬ የመንግሥት ሙዚየም ነው። ስለዚህ በኢጣሊያ የመንግሥት ሙዚየሞች ሁሉ የሚሠራው ደንብ እዚህም ይሠራል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ የየትኛውም አገር ልጆች በነጻ ይገባሉ፤ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች 2 ዩሮ ይከፍላሉ። ሰው የሚቸገረው ማስረጃው ላይ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ የ16 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ፓስፖርቱን ሆቴል ከረሳችሁ፣ በር ላይ ያለው ሠራተኛ ቃላችሁን የማመን ግዴታ የለበትም። የሁሉንም ሰው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ዋናውን ያዙ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ለሁሉም ሰው ነጻ ነው፤ ለወጣትና ለብቸኛ ተጓዥ ጥሩ ቀን ነው፣ አረጋውያን ወይም ጋሪ ላይ ያለ ሕፃን ለያዘ ግን አልመክርም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ከኋላችሁ የሚገፋ ሰው እያለ ምንም ነገር ረጋ ብሎ ማየት አይቻልም። ከቻላችሁ በሥራ ቀን፣ ልክ በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ቤቱ ብቻውን 2 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ግቢው ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል።

ከቬኒስ መስትሬ ወደ ትሪየስቴ የሚሄደው ባቡር 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሄዳችሁበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ፤ ከሞንፋልኮኔ በኋላ ባሕሩ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ሚራማሬ የራሷ ትንሽ ባቡር ጣቢያ አላት፣ ነገር ግን እዚያ የሚቆመው ባቡር ጥቂት ስለሆነ በእሱ ተማምናችሁ ፕሮግራም አታውጡ። እስከ ትሪየስቴ ዋናው ጣቢያ ሂዱና ወደ ግሪኛኖ የሚሄደውን 6 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። ትኬቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ታባኪ ከሚባለው የሲጋራና የጋዜጣ ሱቅ ግዙ። እንደገባችሁ ማሽኑ ላይ ማስመታት አለባችሁ፤ የተገዛ ትኬት ኪስ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ከቅጣት አያድንም። ጀርመን አገር የለመዱት ወገኖቻችን በተለይ እዚህ ላይ ይያዛሉ፤ የገዙት ትኬት በቂ ይመስላቸዋል።

አውቶቡሱ ባርኮላ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ይዞ ይሄዳል። ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ባለው መገንጠያ ወርዳችሁ የባሕሩን ጠርዝ ይዛችሁ በእግር መሄድ ትችላላችሁ፤ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊታችሁ እየጎላ ስለሚመጣ ለፎቶ የተሻለው መንገድ ይኸው ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ካሉ ግን እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ግሪኛኖ ሂዱና በግቢው በኩል ቀስ ብላችሁ ግቡ። የትኛውም መንገድ በር ላይ አያደርስም፣ የ10 እና የ15 ደቂቃ እርምጃ አለው።

ትሪየስቴ ውስጥ የነፋስን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ቦራ ይሉታል፤ ከሰሜን ምሥራቅ ከተራራው ወደ ባሕር የሚወርድ ደረቅ ነፋስ ነው፣ በተለይ በአውሮፓ የብርድ ወራት። ሲበረታ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። በዚያን ዕለት ዛፍ እንዳይወድቅ ተብሎ ግቢው ሊዘጋ ይችላል፤ እናንተ ደግሞ ከቬኒስ 2 ሰዓት ተጉዛችሁ የተዘጋ አጥር ታያላችሁ። ማታውኑ የአየር ትንበያውን ተመልከቱ፣ ጠዋት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ዣንጥላውን ቤት ተዉትና ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዙ።

ከመግባታችሁ በፊት ውኃ ጠጡ፣ ልጆቹን አብሉ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ። በጉብኝቱ መሐል ወጥቶ መመለስ አይመችም። የጀርባ ቦርሳ ካላችሁ ወደ ፊት አዙራችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙት፤ ከኋላ ያለ ቦርሳ ዞር ባላችሁ ቁጥር የ160 ዓመት ወንበር ሊመታ ይችላል፣ ሠራተኞቹም ከሁሉ በላይ የሚቆጡት በዚህ ነው።

አሁን ገባችሁ። ምድር ቤቱን ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ይህን ቤት ያሠራው ሰው መርከበኛ ነበር። አርክዱክ ፈርዲናንድ ማክሲሚሊያን የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የፍራንዝ ዮሴፍ ታናሽ ወንድም፣ የባሕር ኃይሉም አዛዥ ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1856 መጋቢት ወር ነው፤ የሕንጻው ንድፍ የካርል ዩንከር፣ የውስጡ ሥራ የፍራንዝ ሆፍማንና የልጁ የዩሊየስ ነው። ማክሲሚሊያንና ሚስቱ፣ የቤልጅጓ ልዕልት ሻርሎት፣ በ1860 የገና ሰሞን ሲገቡ ያለቀው ምድር ቤቱ ብቻ ነበር።

እዚህ ወለል ላይ ጊዜያችሁን ለሦስት ክፍሎች ስጡ፣ ሌላውን እያለፋችሁ እዩ። አንደኛው ኖቫራ የሚባለው የሥራ ክፍሉ ነው። ኖቫራ የጦር መርከብ ናት፤ ክፍሉ የተሠራው የመርከቧን የኋላ ካቢኔ እንዲመስል ተደርጎ ነው። ከሌሎቹ ክፍሎች ስትገቡ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ሲመጣ ይሰማችኋል፤ ዙሪያው እንጨት ነው፣ መስኮቱም ወደ ውኃ ይመለከታል። በሩ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ፤ ገመዱ እስከፈቀደላችሁ ድረስ ገብታችሁ በእንግዳ ሳይሆን በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ማለትም ጎንበስ ብላችሁ፣ ወደ መስኮቱ እዩ። መሬቱ ይጠፋና ባሕር ብቻ ይቀራል፤ ሠሪው የፈለገውም ይህንኑ ነው። ማክሲሚሊያን በ1864 ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥት ሊሆን ወደ ሜክሲኮ የሄደው በዚችው መርከብ ነው፤ በ1867 ሰኔ ኬሬታሮ ላይ ተረሽኖ አስከሬኑ የተመለሰውም በእሷው ነው። ትሪየስቴ የደረሰው ጥር 1868 ነበር፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ከሦስት ወር በፊት። ታሪክ ለሚማር ልጅ ዘመኑን ለማስያዝ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። የሆሜር፣ የዳንቴ፣ የሼክስፒርና የጎተ ከደረት በላይ የተቀረጹ ሐውልቶች አሉበት፤ አራቱ አራት ቋንቋ መሆናቸውን ልብ በሉ። ሦስተኛው ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካላያችሁ የሚያመልጣችሁ ነው፤ የነፋስ አቅጣጫዎች የተሳሉበት ክብና ቀስት ጣሪያው ላይ አለ። ከቤቱ አናት ካለው የነፋስ ጠቋሚ ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ውጪ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ። ለመርከበኛ ይህ ጌጥ አይደለም። ልጆችን እዚህ ክፍል አምጥታችሁ «ቦራ ሲነፍስ ቀስቱ የት ይዞራል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ እነሱ ፈልገው ያግኙት።

ሰው ሁሉ «ለምን ይጨልማል?» ይላል። መስኮቱ የተጋረደው መብራት ለመቆጠብ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተወጠረ ሐርና ጨርቅ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ከብርሃን የሚደርስበት ጉዳት አይመለስም፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ክሩ ይሰባበራል። ስለዚህ ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን ብዙውን ጊዜ 50 ሉክስ ያህል ብቻ ነው፣ መደበኛ ቢሮ ውስጥ ካለው አንድ አሥረኛው መሆኑ ነው። ለእንጨት ደግሞ ጠላቱ የእርጥበት መዋዠቅ ነው። ባሕር ዳር ባለ ቤት፣ በቦራ ቀን አየሩ ደርቆ በማግስቱ ሲረጥብ፣ እንጨቱ ያብጣል ይሸማቀቃል፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ ገጽም ይነሳል። መስኮት እንከፍት ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሲሞቃችሁም እንኳ። ከፀሐይ የገባ ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ክፍል ላይ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቃችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ራሱ ይመጣል።

ያለ ፍላሽና ያለ ካሜራ ማቆሚያ ለግላችሁ ፎቶ ማንሳት በኢጣሊያ የመንግሥት ሙዚየሞች ከ2014 ወዲህ የተፈቀደ ነው። ፍላሹን ከመግባታችሁ በፊት አጥፉ፤ «አውቶ» ላይ ከተዋችሁት በጨለማ ክፍል በራሱ ይበራና ከሠራተኛው ጋር ያጣላችኋል። መስኮት ያለበትን ክፍል ስታነሱ መስኮቱን ከጀርባችሁ አድርጉ። ባሕሩን ከፊት ካደረጋችሁ ክፍሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ግድግዳ ግን አትደገፉ፣ የደገፋችሁት ግድግዳ ጨርቅ ነው።

ከደረጃው በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ የምታዩት ቤት ከ1864 ጀምሮ ሳይነካ የተቀመጠ አይደለም፣ ተመልሶ የተሰደረ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዕቃው ለደኅንነት ወደ ቪየና ተወሰደ፤ ከጦርነቱ በኋላ ቦታው ለኢጣሊያ ሆነ፣ ዕቃው በ1920ዎቹ ተመለሰ፣ በ1929ም ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ ለአኦስታው መስፍን መኖሪያ ተሰጠ። በሁለተኛው ጦርነት ጀርመኖች ገቡበት፤ ከ1945 በኋላ የኒውዚላንድ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኮንኖች እስከ 1954 ተፈራረቁበት። እንደገና በሙዚየምነት የተከፈተው በ1955 ነው። ስለዚህ ስትዞሩ «የትኛው ነባር ነው፣ የትኛው የታደሰ?» እያላችሁ እዩ። በታደሱ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ የሚሠራ ዘዴ አለ። ጨርቁ ከመስኮት አጠገብና ከጨለማው ጥግ አንድ ዓይነት ቀለም ካለው፣ ብዙውን ጊዜ በአሮጌው ናሙና እንደገና የተሸመነ ነው። የወርቅ ቅቡ በሚነካው ጠርዝ ላይ ሳስቶ ቀዩ መደብ ብቅ ካለ አሮጌ ነው። የእንጨት ወለሉ በር አካባቢ ተበልቶ ጥግ ላይ ሙሉ ከሆነ፣ እግር የሄደበት ነው። ይህን ካወቃችሁ ቀሪው ጉብኝት ዝም ብሎ መሄድ አይሆንባችሁም።

ፎቁ ሌላ ሰው የሚኖርበት ይመስላል። ታች መርከበኛ ነበር፣ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል፤ ቀለሙ ቀይ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ይላል። የሚገርመው፣ ማክሲሚሊያን ይህን ወለል ተጠናቅቆ አላየውም፤ ሥራው ያለቀው ከሄደ በኋላ ነው። የዙፋኑን አዳራሽ ስታዩ ባለቤቱ ያልተቀመጠበት መሆኑን አስታውሱ። ጎብኚው ሁሉ የሚከማቸው እዚህ ነው፤ የተሰበሰበው ቡድን እስኪያልፍ በቻይናና በጃፓን ዕቃ የተሞሉትን ሁለት ሳሎኖች አይታችሁ ተመለሱ። የትሪየስቴ አካባቢ ሠዓሊ ቼሳሬ ዴላኳ ስለ ሚራማሬ የሣላቸውን ሥዕሎች ግን አትለፏቸው፤ የሜክሲኮ ልዑካን ዘውዱን ሲያቀርቡም፣ ባልና ሚስቱ ሲሰናበቱም አለ። ረጅሙን ጽሑፍ ከማንበብ እነሱን ማየት ይሻላል።

በዙፋኑ አዳራሽ የሐብስበርጎች፣ ማለትም የማክሲሚሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ፣ የዘር ሐረግ አለ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ እዚህ ማርያ ቴሬዛን አንሱላቸው። አያቶቻችን ጥሎሽ የሰጡበት፣ ከብት የገዙበት፣ ጉድጓድ ቆፍረው የቀበሩት የ1780ው ማርትሬዛ ብር ላይ ያለችው ሴት የዚሁ የማክሲሚሊያን የቅድመ አያቱ እናት ናት፤ ብሩም ወደ ቀይ ባሕር ሲሄድ ትሪየስቴ አንዷ ዋና መውጫው ነበረች። ከተማ ውስጥ ቦርጎ ቴሬዚያኖ የሚባለው ሠፈር ስሙ የእሷ ነው። ወንበር ፈልገው የነበሩ እናቶች ይህን ሲሰሙ ቆመው ሲጠይቁ አይቻለሁ።

አሁን ቀስ በሉ። እስካሁን ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደባችሁ ኮሪደር ላይ ትንሽ ዕረፉ። የዱካ ዳኦስታ ክፍሎች እዚሁ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ስትገቡም ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ፤ ወርቁ ይጠፋል፣ ቅርጻ ቅርጹ ይጠፋል፣ ዕቃው ቀጥ ያለ መስመር ያለው፣ ያልተንዛዛ የ1930ዎቹ ሥራ ይሆናል። ብዙ ጎብኚ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ እየፈጠነ የሚያልፈው ለዚህ ነው። መስፍኑ ከሚስቱ ከአና እና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1937 የኖረው እዚህ ነው፤ የአየር ኃይል መኮንን ነበር።

ኢጣሊያኖች ይህን ሰው የሚያስታውሱት «የአምባ አላጌ ጀግና» ብለው ነው፣ በስሙ የተጠሩ መንገዶችም አሉ። ሳትዘጋጁ ከመጣችሁ የምትሰሙት ጨዋ መስፍን፣ አሳዛኝ መጨረሻ የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤት ስትነሱ በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ኪሳችሁ አድርጉ። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ማለትም ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 1929 ዓ.ም፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ግራዚያኒ ተነሳና ይህ መስፍን ተተካ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ሜይ 5 ቀን 1941። በዚያው ወር መስፍኑ አምባ አላጌ ላይ ተከቦ እጁን ሰጠ። በኬንያ ምርኮኛ ሆኖ ማርች 3 ቀን 1942 ናይሮቢ ሞተ፣ የተቀበረውም ንዬሪ ባለው የኢጣሊያ ወታደሮች መካነ መቃብር ነው። አምባ አላጌ ራሷ ደግሞ ለኢጣሊያ አዲስ አልነበረችም፤ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም፣ ከአድዋ በፊት፣ የሻለቃ ቶሴሊ ጦር የተሸነፈው እዚያው ነው።

እነዚህን ቀኖች የያዘ ልጅ ክፍሉን ሌላ ዓይን ይዞ ነው የሚያየው። የ1937ን መስመር በጣቱ ተከትሎ «ስለዚህ የካቲት 12 ሲሆን እሱ እዚህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ እዚህ ነበር፤ እዚህ የነበረውም ግራዚያኒ ያደረገውን ሁሉ ላደረገው መንግሥት የሚያገለግል የንጉሥ ቤተሰብ አባል ሆኖ ነው። መስፍኑ ከግራዚያኒ የለዘበ አገዛዝ ለማምጣት መሞከሩ እውነት ነው፣ ልትነግሩትም ይገባል። አርበኞቹ ግን በእሱ ዘመንም ጫካ ነበሩ፣ ይህንንም ንገሩት። ሞቅ ያለ ክርክር ከተነሳ ወደ ደረጃው ወጣ በሉ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው በአማርኛ ሲከራከር ሠራተኛው ጠብ ይመስለዋል።

በዚህ ቤት ዙሪያ የሚወራ የእርግማን ታሪክ አለ። በሚራማሬ ያደረ ሰው በባዕድ አገር ይሞታል ይላሉ፤ ማክሲሚሊያንን ሜክሲኮ፣ አሜዴዎን ናይሮቢ እየጠቀሱ። ከጉብኝቱ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፣ ልጆችም ይወዱታል። እኔ ግን አልወደውም። ሁለቱም የሞቱት የሰው አገር ሊገዙ ሄደው ነው። ሜክሲኮዎችም ኢትዮጵያውያንም አልተቀበሏቸውም፣ ተዋጓቸው። እርግማን ሲባል ያሸነፈው ወገን ከታሪኩ ይወጣል። ልጆቻችሁ ታሪኩን ከወደዱት ይህንን ጨምራችሁ ንገሯቸው።

ግቢው 22 ሄክታር ነው፣ መግቢያውም በነጻ ነው። ለሁሉም ጉልበት አይኖራችሁም። ወደ ትንሿ የመርከብ ማቆሚያ ውረዱ፣ ጫፏ ላይ ከግብፅ የመጣ የስፊንክስ ሐውልት ባሕሩን እያየ ተቀምጧል፤ ቤተ መንግሥቱን ሙሉ ለማንሳት ጥሩው ቦታም እዚህ ነው፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ። ሌላው ካስቴሌቶ የሚባለው ትንሽ ቤት ነው። ሻርሎት ለባሏ እርዳታ ልትለምን በ1866 ከሜክሲኮ ተመልሳ አእምሮዋ ሲታወክ ዘመዶቿ እስኪወስዷት ያቆይዋት እዚያ ነው። እስከ 1927 በቤልጅግ ኖረች።

በአውሮፓ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ልጆቹ መዋኘት ይፈልጋሉ። በቤተ መንግሥቱ ሥር ያለው ባሕር ከ1986 ጀምሮ የተከለለ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ መዋኘትም ማጥመድም ክልክል ነው። የዋና ልብሳቸውን ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ ሲመለሱ ባርኮላ ላይ ውረዱ፤ ቶፖሊኒ የሚባሉት የሲሚንቶ መደቦች ላይ ሰው ሁሉ በነጻ ይዋኛል። አሸዋ የለውም፣ ሲሚንቶው በቀትር ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጫማና ፎጣ ያዙ።

የመመለሻውን የአውቶቡስ ትኬት ከጠዋቱ ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ግዙ። ግሪኛኖ ፌርማታ ላይ አመሻሽቶ ሱቅ ፍለጋ መዞር አድካሚ ነው፤ ያልተመታ ትኬት ደግሞ አይበላሽም። በመጨረሻው ባቡር ወደ ቬኒስ የምትመለሱ ከሆነ፣ ባርኮላ ላይ የበጋ መጨናነቅ ስላለ ከባቡሩ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ቀድማችሁ ከሚራማሬ ተነሱ።